ጭላዳው የተቀመጠበት ጦስኝ

ተረት ልጀምር ነው። ሊያስል የፈለገ አሁኑኑ አስሎ ይጨርስ፤ መካከል ላይ የሚያቋርጠኝን አልወድም። ያመለጠው ደግሞ ከጎረቤቱ ይጠይቅ፣ እኔ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ አልናገርም። ይህን ያልኩት ውሸት ነው። ይህ ተረት ከመደጋገም በቀር ሌላ ሥራ የለውም።

ከደጋው በላይ፣ ጤፍ የማይበቅልበት፣ ገብስ እንኳ ተለማምጦ የሚወጣበት አንድ አገር ነበር። በዚያ አገር አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። እግሯ ፈጣን ነው፤ አፏ ከእግሯ ይቀድማል። ባሏ አያ ልጃለም ይባላል። ልጅ አልወለዱም፤ የሟች እኅቷን ልጅ ደሳለን ግን ከሕፃንነቱ ጀምረው አሳድገው ለአቅመ አዳም አድርሰውታል።

ደሳለ ደግሞ ልቡ ወንዝ ማዶ ሄዶ እዚያው ቀርቷል። ማዶ ያለችው ልጅ የሻረግ ትባላለች፤ አባቷ አያ ወንድይፍራው ነው። ወግ ነውና ሽማግሌ ተላከ። አንድ ጊዜ ሄዱ፣ "እናስብበት" ተባሉ። ደግመው ሄዱ፣ "ዘመድ እናማክር" ተባሉ። የመጨረሻው ቀጠሮ እሑድ ነው። ከዚያ ወዲያ በሩ ይዘጋል፤ ደጅ ላይ ባለ በቅሎ የሆነ ሌላ ጠያቂ ቆሟል ይባላል።

ሽማግሌዎቹን ልንገራችሁ። አንዱ ጆሮው አይሰማም። አንዱ ከተቀመጠ ይተኛል። የሚናገረው አያ ልጃለም ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ዐርብ ሲያስል አመሸና ቅዳሜ ጠዋት ሲነሣ ድምፁ የለም። አፉን ይከፍታል፣ "ኽእ" የሚል ነገር ይወጣል፣ መልሶ ይዘጋዋል።

"ነገ በምንህ ልትጠይቅ ነው? በጥቅሻ?" አለችው አንጓች።

"ጦስኝ" አለ በሹክሹክታ።

ልክ ነው። ጉሮሮው የተዘጋ ሰው ጦስኝ አፍልቶ ማር ጠብ አድርጎበት ይጠጣል፤ ይህንን የማያውቅ ደገኛ የለም። ችግሩ የዚያን ሰሞን ውርጭ ወርዶ ሜዳውን በሙሉ ጠብሶታል። ጦስኝ የተረፈው አስታው ጫካ ውስጥ፣ ከአንድ ትልቅ የአስታ ዛፍ ሥር፣ መደብ በምታህል ቦታ ላይ ነው። አንጓች ነጠላዋን አጣፍታ ልትወጣ ስትል ባሏ እጇን ያዛት።

"ሰላም እንዳትይ" አለ።

"ማንን?"

"ማንንም። መድኃኒት ለቃሚ በመንገዱ ላይ ሰላምታ ከሰጠ ቅጠሉ ይሰንፋል። አያቴ..." ሳል ያዘውና የአያቱ ነገር እዚያው ቀረ።

በዚያ አገር እኮ ሰላምታ ቀልድ አይደለም። ሰው ከሰው ሲገናኝ ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ጎተራው፣ ስለ ታመመች አክስቱ ተጠያይቆ ነው የሚላቀቀው። ሰላም ሳይል ያለፈ ወይ ተቀይሟል ወይ ለይቶለታል። አንጓች ግን ነገሩ የደሳለ ነገር ነውና "እሺ" አለች። የተከለከለው ሰላምታ ነው፤ ስለ ጉዳይ መናገር አልተከለከለም ብላ ወጣች።

አስታው ሥር ደረሰች። ጦስኙ አለ፤ ሽታው ከሩቅ ይጠራል። ጦስኙ ላይ ግን አንድ ትልቅ ጭላዳ ጎፈሩን ዘርግቶ፣ ደረቱን ለፀሐይ ሰጥቶ ተቀምጧል።

"ጭላዳ፣ ተነሥ፤ ጦስኝ ልለቅም" አለችው።

ጭላዳው ዓይን ዓይኗን አያት። አንድ ነገር የሚጠብቅ ይመስላል። ምን እንደሚጠብቅ እሷም ታውቃለች፤ ነገሩ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል፤ ዋጠችው። ጭላዳው የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን አሳያትና "አልነሣም" አለ።

ቤቷ ድረስ ሮጣ ተመለሰች። ውሻዋ አንበሴ አጥር ሥር ተጋድሟል።

"አንበሴ፣ ጭላዳውን አባርር። ጭላዳ ከጦስኝ አይነሣም፣ ጦስኝ ከሌለ ልጃለም አይናገርም፣ ልጃለም ካልተናገረ ደሳለ ሚስት የለውም።"

አንበሴ ጅራቱን አንድ ጊዜ ወዝወዝ አድርጎ ጠበቀ። ሌላ ቀን ቢሆን "እንዴት አደርክ የኔ አንበሳ" ብላ ጆሮውን ሳታክለት አታልፍም። ዛሬ ግን ምንም የለም። ጅራቱን ሰበሰበና አገጩን መሬት ላይ አስቀመጠ። "ጭላዳው ምን በደለኝ? አላባርርም" አለ።

አንበሴ ጀርባ ላይ አንዲት ቁንጫ ትኖራለች። አንጓች ጎንበስ አለች።

"ቁንጫ፣ ውሻውን ንከሺ። ውሻ ጭላዳ አያባርርም፣ ጭላዳ ከጦስኝ አይነሣም፣ ጦስኝ ከሌለ ልጃለም አይናገርም፣ ልጃለም ካልተናገረ ደሳለ ሚስት የለውም።"

ቁንጫዋ እሷም ትንሽ ጠበቀች። ምን ይገርማችኋል? ቁንጫም ክብር አላት። የሚመጣ ነገር እንደሌለ ስታውቅ "እኔ በትእዛዝ ነክሼ አላውቅም፤ የምነክሰው ሲያሰኘኝ ነው። አልነክስም" አለች።

በዚህ ጊዜ ከጎረቤቷ ከእትዬ ጠጄ ጣራ ላይ ጭስ ሲትጎለጎል ታያት። ወደዚያው በረረች። እትዬ ጠጄ ድምፅ ሰምተው ብቅ አሉ።

"እንደምን አደርሽ አንጓች? ልጃለም ተሻለው?"

አንጓች ከንፈሯን ነከሰች። አንገቷን ወደ ጣራው አቀናች።

"ጭስ፣ ቁንጫዋን አፍናት። ቁንጫ ውሻ አትነክስም፣ ውሻ ጭላዳ አያባርርም፣ ጭላዳ ከጦስኝ አይነሣም፣ ጦስኝ ከሌለ ልጃለም አይናገርም፣ ልጃለም ካልተናገረ ደሳለ ሚስት የለውም።"

ጭሱ አንድ ጊዜ ዝቅ ብሎ ፊቷ ላይ ቆየ። ሰላም የሚለው ሲያጣ "የኔ መንገድ ወደ ላይ ነው፤ የውሻ ጀርባ ላይ ምን አለኝ? አላፍንም" ብሎ ሽቅብ ሄደ። እትዬ ጠጄ አማተቡ። "እኔን ዘግታ ከጭስ ጋር ታወራለች" ብለው፣ ወሬው ሳይቀዘቅዝ ለማድረስ ወደ ሦስተኛው ቤት ገሰገሱ።

አንጓች ከመንደሩ ወጥታ ነፋስ የሚያልፍበት በር ላይ ደረሰች። ነፋሱ እንደ ልማዱ እየሮጠ ነው።

"ነፋስ፣ ጭሱን በትነው። ጭስ ቁንጫ አያፍንም፣ ቁንጫ ውሻ አትነክስም፣ ውሻ ጭላዳ አያባርርም፣ ጭላዳ ከጦስኝ አይነሣም፣ ጦስኝ ከሌለ ልጃለም አይናገርም፣ ልጃለም ካልተናገረ ደሳለ ሚስት የለውም።"

ነፋሱ ሩጫውን ገታ አደረገ። አንድ ጊዜ ዞራት፣ ነጠላዋን ከፍ አድርጎ ፊቷን አየ፣ ጠበቀ፣ ነጠላውን ለቀቀው። "ጭስና እኔ አብሮ አደግ ነን፤ አልበትንም" ብሎ ሩጫውን ቀጠለ።

እንግዲህ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታለች። አንጓች ገደሉ አፋፍ ላይ ደረሰች። ገደሉ ትልቅ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ከቆመ ማንንም ይጋርዳል።

"ገደል፣ ነፋሱን ጋርደው" ብላ ጮኸች። "ነፋስ ጭስ አይበትንም፣ ጭስ ቁንጫ አያፍንም፣ ቁንጫ ውሻ አትነክስም፣ ውሻ ጭላዳ አያባርርም፣ ጭላዳ ከጦስኝ አይነሣም፣ ጦስኝ ከሌለ ልጃለም አይናገርም፣ ልጃለም ካልተናገረ ደሳለ ሚስት የለውም።"

"...ሚስት የለውም... የለውም..." አለ ገደሉ። ገደል የሰጡትን ነው የሚመልሰው። ሰላምታ ያልሰጠችው ከየት አምጥቶ ይመልስላት? በመጨረሻ ከራሱ አንድ ቃል ጨመረ፦ "አልጋርድም።"

አንጓች እዚያው ቁጭ አለችና አለቀሰች። ደሳለ ጠዋት ስትወጣ በር ላይ ቆሞ አይቷታል፤ ዓይኑ ብዙ ብሏታል። ይህ ልጅ ከእናቱ አልጋ ሥር ያነሣችው ልጅ ነው። አንድ ነገር ለምኗት የማያውቅ ልጅ ይቺን አንዲት ነገር ፈለገ፣ እሷ ደግሞ አንድ እፍኝ ቅጠል ከአንድ ዝንጀሮ ሥር ማውጣት አቃታት። ነጠላዋ እስኪርስ አለቀሰች።

እያለቀሰች ሳለ አጠገቧ ያለው አፈር እብጥ እብጥ አለ። ፍልፈል ብቅ አለ፤ ጥርሱ ከፊቱ ቀድሞ።

አንጓች ንፍጧን ጠርጋ ጀመረች። "ፍልፈል፣ ገደሉን ቆፍረህ ናደው። ገደል ነፋስ አይጋርድም፣ ነፋስ ጭስ አይበትንም፣ ጭስ ቁንጫ አያፍንም፣ ቁንጫ ውሻ አትነክስም፣ ውሻ ጭላዳ አያባርርም፣ ጭላዳ ከጦስኝ አይነሣም፣ ጦስኝ ከሌለ ልጃለም አይናገርም፣ ልጃለም ካልተናገረ ደሳለ ሚስት የለውም።"

"ጨረስሽ?" አለ ፍልፈል።

"ጨረስኩ።"

"እንደምን ዋልሽ?"

ዝም።

"እንደምን ዋልሽ ብያለሁ።"

ዓይኗ ብቻ ተቁለጨለጨ።

"ይኸውልሽ" አለ ፍልፈል። "እኔ ዓይን የለኝም። ከላዬ የሚሄደውን የማውቀው በኮቴውና በሰላምታው ነው። ከጠዋት ጀምሮ አንዲት ሴት አናቴ ላይ ትሮጣለች፣ ታዝዛለች፣ ትጮኻለች፤ አንድ ጊዜ እንኳ እንደምን አደራችሁ ስትል አልሰማኋትም። ታዲያ ገደል ነፋስ አልጋርድም ቢል፣ ነፋስ ጭስ አልበትንም ቢል፣ ጭስ ቁንጫ አላፍንም ቢል፣ ቁንጫ ውሻ አልነክስም፣ ውሻ ጭላዳ አላባርርም፣ ጭላዳ ከጦስኝ አልነሣም ቢሉ ምን ይደንቃል? እነሱ መናገር ያፍራሉ፤ ሰላምታ በልመና አይገኝማ። እኔ ግን ጨለማ ውስጥ ስለምኖር ሐፍረት አልለመድኩም።"

"ወድጄ መሰለህ?" አለች አንጓች። "መድኃኒት ልለቅም ነው የወጣሁት። ሰላም ካልኩ ቅጠሉ ይሰንፋል፣ ሰላም ካላልኩ ቅጠሉን አላገኝም። የቱን ላድርግ?"

ፍልፈል ጥርሱን አፋጨ። "እኔ የመድኃኒት ነገር አላውቅም። ጦስኙን እበላዋለሁ እንጂ።"

"ትበላዋለህ?"

"ታዲያ ምን ላድርገው? ላጥነው?"

አንጓች ቀና አለች። ሽሮ ትዝ አላት። ጦስኝ እኮ ከሽሮ ጋር ይፈጫል፣ ከበርበሬ ጋር ይደለዛል፣ ቅቤ ሲነጠር ይጨመራል። ለወጥ ጦስኝ የሚለቅም ሰው ዝም በል ተብሎ ያውቃል? ኧረ ምን ቆርጦት። ገበያ ቅመም ሊገዛ የወረደ ሰው ጉንጩ እስኪላጥ ሲሳሳም ነው የሚውለው።

ተነሥታ ነጠላዋን አራገፈችና ወደ ሰማይ ቀና አለች።

"ጌታዬ፣ ሐሳቤን ለውጫለሁ። ጦስኙ ለሽሮ ነው። ልጃለም ከሽሮው ከበላ የራሱ ጉዳይ ነው።"

ከዚያ በኋላ አፏ ተፈታ። ከጠዋት ጀምሮ የታፈነ ሰላምታ እኮ ነው። "እንደምን ዋልክልኝ አያ ፍልፈል? ቤቱ እንዴት ነው? ጉድጓዱ ውኃ አልገባበትም? ሥራ ሥሩ በዛልህ? ውርጩ አልጎዳህም? ጥርስህስ? ባለቤትህ ደህና ናት?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁላችንም ደህና ነን" አለ ፍልፈል፣ ፊቱ እየበራ። "በይ፣ የቱ ጋ ነው የምቆፍረው?"

ጥርሱን ገና መሳል ሲጀምር ገደሉ ሰማ። አንጓችም ዞራ "እንደምን ዋልክ አያ ገደል?" አለች። "...ዋልክ... ዋልሽ..." አለ ገደል ደስ ብሎት። "ፍልፈልን ያዥልኝ፤ ነፋሱን እጋርዳለሁ።"

"እንደምን ዋልክ አያ ነፋስ? ድካሙ እንዴት ነው?" ነፋሱ "ገደል እንዳይጋርደኝ፤ ጭሱን እበትናለሁ" አለ።

"እንደምን ዋልክ አያ ጭስ? ጣራው እንዴት ይዞሃል?" ጭሱ "ነፋስ እንዳይበትነኝ፤ ቁንጫዋን አፍናለሁ" አለ።

እዚህ ላይ ከጣራው ሥር እትዬ ጠጄ ቆመው ነበርና እሳቸውንም ሰላም አለች። ከሁሉም የረዘመችው ሰላምታ ይቺ ናት። እስከ አክስታቸው ጉልበት ድረስ ተጠያየቁ። እትዬ ጠጄ ያዳረሱትን ወሬ ለመሰብሰብ እንደገና በየቤቱ መዞር ግድ ሆነባቸው።

"እንደምን ዋልሽ እመት ቁንጫ?" ቁንጫዋ "ጭስ እንዳያፍነኝ፤ ውሻውን እነክሳለሁ" አለች።

"እንዴት ዋልክ የኔ አንበሳ?" ጆሮውን አከከችለት። አንበሴ ቁንጫዋን ሳይጠብቅ ተነሣ። "ጭላዳው የታለ?" አለ።

ፍልፈል ጥርሱን ሲስል ገደል ጋረደ፣ ገደል ሲጋርድ ነፋስ በተነ፣ ነፋስ ሲበትን ጭስ አፈነ፣ ጭስ ሲያፍን ቁንጫ ነከሰች፣ ቁንጫ ስትነክስ ውሻ ሮጠ፣ ውሻ ሲሮጥ አንጓች ከኋላው። አስታው ሥር ሲደርሱ ጭላዳው ድዱን ሊያሳይ ከንፈሩን ገልበጥ አደረገ።

"እንደምን ዋልክ አያ ጭላዳ?" አለች አንጓች እያለከለከች። "ሚስቶችህ ደህና ናቸው? ሁሉም?"

ጭላዳው ከንፈሩን መለሰ። "ሁሉም ደህና ናቸው። ትንሿ ብቻ ትንሽ አኩርፋለች" አለ። ተነሣ። ተነሥቶም አልቀረ፤ ቅጠል መልቀም የጭላዳ ሙያ ነውና በእነዚያ ቀጫጭን ጣቶቹ ፈጠን ፈጠን እያለ እፍኟን ሞላላት።

ቤት ስትደርስ አያ ልጃለም ደጅ ላይ ነው።

"ሰላም ያልሽው አለ?" አለ በዚያችው ሹክሹክታ።

"ለመድኃኒት ስለቅም አንድ ሰው ሰላም አላልኩም" አለች። እውነቷን ነው።

"በይ አፍይልኝ። ማሩን አታብዢው።"

አሁን አንጓች ተጨነቀች። አፍልታ በማር ብትሰጠው መድኃኒት ሊሆን ነው፤ ወደ ሰማይ የተናገረችውም ተሰምቷል። "ማር የለም" አለች። ጦስኙን ወቅጣ ሽሮው ላይ ነሰነሰች፣ ሽሮውን ቅጥን አድርጋ ሠራች፣ እየተንተከተከ አቀረበችለት። ከላዩ የሚወጣው እንፋሎት የአያ ልጃለምን አፍንጫ ከፈተ። በላ። ላቡ ወረደ። ደግሞ በላ። ጥጋብ ይዞት ተኛ።

እሑድ ጠዋት አንጓች ገና ዓይኗን ሳትገልጥ ቤቱ ተንቀጠቀጠ።

"አንጓች፣ ከሽሮዋ የቀረች አለች?"

ያ ድምፅ ነው። አንበሴ ከአጥሩ ሥር ዘሎ ተነሣ። ደሳለ ከጓዳ ወጥቶ አክስቱን አቀፋት፤ እሷም አሁንም አለቀሰች፣ ይህኛው ግን ሌላ ልቅሶ ነው።

ማዶ ሄዱ። አያ ልጃለም በአያ ወንድይፍራው ቤት መካከል ቆመና ተናገረ። የማይሰማው ሽማግሌ ሰማ። የሚተኛው ሽማግሌ ነቃ። አያ ወንድይፍራው ሚስቱን አየ፣ ሚስቱ የሻረግን አየች፣ የሻረግ መሬት መሬት አየች፣ አያ ወንድይፍራውም "ሰጥተናል" አለ። እልልታው ወንዙን ተሻገረ።

አያ ልጃለም ግን ምግብ ሲቀርብ አላስችል አለው። "ድምፄን የመለሰው ሚስቴ ነፍስ ያለው ሳታናግር የለቀመችው መድኃኒት ነው" ብሎ ለሰው ሁሉ አወራ። ሰው ሁሉ አንጓችን በአድናቆት አያት። አንጓች ዓይኗን ወጡ ላይ ተከለች።

ወራት አለፉ፤ የሻረግ ሙሽራ ሆና ገባች። አንድ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ አንጓች ዘንድ መጣች።

"እማዬ፣ ጦስኝ ልለቅም ልወጣ ነው። በመንገድ ሰላም እንዳልል አባባ ልጃለም አስጠንቅቆኛል።"

"ማን አሞት ነው?"

"አባባን ነው። አሁን ከእንቅልፉ ሲነሣ ድምፁ የለም።"

አንጓች ወደ ጓዳው ዞር ብላ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"እንግዲያ ለሽሮ ነው" አለች። "ሰላም እያልሽ ሂጂ።"

ተረቴን እነሆ ሰጠሁ፤ ምርቃቱን መልሱልኝ።